የድህነት ልጅ፦ ስለ ጥንት ፈላስፎችና ስለ ፍቅር ለጠየቃችሁኝ

ፍቅር የድህነት ልጅ ነው የሚለው ተረት ከየት መጣ? የኋለኞቹ ፈላስፎችስ እንዴት ተረዱት?

ተረቱ የግሪኩ ፈላስፋ የአፍላጦን ነው። «ሲምፖዚየም» በተባለው ድርሰቱ መምህሩ ሶቅራጥስ ዲዮቲማ ከተባለች ጠቢብ ሴት የሰማውን ያወራል። አማልክት የውበት አምላክ የአፍሮዲጤን ልደት ሲያከብሩ ፔንያ፣ ማለትም ድህነት፣ ልትለምን መጥታ ደጅ ቆመች። ፖሮስ፣ ማለትም ብልኀት፣ ኔክታር የተባለውን የአማልክት መጠጥ ጠጥቶ (የወይን ጠጅ ገና አልነበረም) በዜውስ አትክልት ውስጥ ወድቆ አገኘችው። አጠገቡ ተጋደመች፤ ኤሮስም፣ ማለትም ፍቅር፣ ተጸነሰ። እንደ እናቱ ባዶ እግሩን ደጅ ያድራል፤ እንደ አባቱ ዘዴ አያልቅበትም።

ከ600 ዓመት በኋላ በሮም ያስተምር የነበረው ፈላስፋ ፕሎቲኖስ ይህን አንድ በአንድ ፈታው። አፍሮዲጤ ነፍስ ናት፤ ፖሮስም ከአእምሮ የሚፈስ ቃል ነው። ተረት ሁልጊዜ አብሮ ያለውን ነገር በጊዜ ለያይቶ ያወራል ይላል፤ ስለዚህ «ተጸነሰ» የተባለው አንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። አንዳንዴ ፍቺው ይበዛብኛል፤ አንድምታ ሲተረጎም ለሰማ ሰው ግን ስልቱ እንግዳ አይሆንም።

ተማሪ ለመምህሩ ገላውን መስጠት አለበት የሚል ፈላስፋ ነበር መባሉ እውነት ነው?

ዲዮፋኔስ የተባለ የንግግር መምህር ነው። በአፍላጦን «ሲምፖዚየም» ውስጥ ለሶቅራጥስ ራሱን ያቀረበውን ወጣት አልኪብያዴስን ደግፎ፣ ፕሎቲኖስ በተቀመጠበት ጽሑፍ አነበበ፤ በጎነትን የሚማር እምቢ ማለት የለበትም አለ። ፕሎቲኖስ ጥሎ ሊወጣ ደጋግሞ ብድግ አለ፤ ግን ራሱን ገታ። ጉባኤው ሲበተን ተማሪውን ፖርፊርዮስን መልስ እንዲጽፍ አዘዘው። ታሪኩን ያቆየልን ራሱ ፖርፊርዮስ ነው። ዲዮፋኔስ የረሳው ደግሞ በድርሰቱ ውስጥ ሶቅራጥስ የአልኪብያዴስን ጥያቄ እንዳልተቀበለ ነው።

ፍቅር ጉድለት ከሆነ፣ ምንም የማይጎድላቸው አማልክት እንዴት ያፈቅራሉ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። አፍላጦን አማልክትን ከፍቅር ያወጣቸው በዚሁ ምክንያት ይመስላል። በአቴና ያስተማረው ፈላስፋ ፕሮክሎስ (እ.ኤ.አ. በ485 ሞተ) ግን በር ከፈተ። አንዱ ፍቅር ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የሚወርደው ከመትረፍረፍ እንጂ ከማጣት አይመጣም፤ ታናሹን ይንከባከባል፣ ያነሣል። ሶቅራጥስ ወጣቱን አልኪብያዴስን የሚከተለውም ልጁ ያለው ነገር አምሮት ሳይሆን ሊሰጠው ብሎ ነው። ፔንያ እዚህ ላይ ከታሪኩ ወጣች ማለት ይቻላል፤ ለእኔ ከሁሉም ደፋሩ እርምጃ ይህ ነው።

ኤሮስና አጋፔ (በአዲስ ኪዳን የሚገኘው ሌላው የግሪክ የፍቅር ቃል) አይለያዩም?

እ.ኤ.አ. በ500 አካባቢ በጳውሎስ ደቀ መዝሙር በዲዮናስዮስ ስም የጻፈው ክርስቲያን ትርጉማቸው አንድ ነው ብሎ ይሟገታል፤ «ኤሮሴ (ፍቅሬ) ተሰቀለ» የሚለውን የሰማዕቱን የአግናጥዮስን ቃልም ይጠቅሳል። አማርኛ ሁለቱንም «ፍቅር» ስለሚል ሙግቱን መተርጎም ያስቸግራል፤ የግሪኩን ቃል እንዳለ የተውኩት ለዚህ ነው።