ለቀዶ ጥገና ሲገቡ ሲፓፕዎን ቤት አይተዉ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ስለሚቆራረጥ ሌሊቱን በሲፓፕ የሚተኙ አንባብያን፣ ቀዶ ጥገና ሲታዘዝላቸው የጻፉልኝን ዛሬ እመልሳለሁ። ሲፓፕ አየርን በግፊት፣ በጭምብል በኩል እየላከ ጉሮሮ በእንቅልፍ ጊዜ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ደብዳቤ የጻፉልኝ ሁሉ የሚፈሩት የቀዶ ጥገናውን ክፍል ነው። እዚያ ግን ባለሙያ ከራስጌያችን አይለይም። እኔን የሚያሳስበኝ ወደ አልጋ ክፍል ከተመለስን በኋላ ያለው ሌሊት ነው።

ጉልበቴ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሊተካ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አድራለሁ። ሆስፒታሉ የራሱ መሣሪያ አያጣም ብዬ የእኔን ቤት ልተወው አስቤያለሁ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አይተዉት። ሆስፒታሉ መሣሪያ ቢኖረውም በፊትዎ ልክ የተመረጠ፣ የለመዱት ጭምብል የለውም። ቁስሉ እያመመው በማያውቀው ጭምብል የሚተኛ ሰው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ አውልቆ ይጥለዋል። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያ፣ ከቀዶ ጥገና በፊት ሲፓፕ ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች የቀዶ ጥገናው ዓይነት ካልከለከለ በቀር ከዚያም በኋላ እንዲቀጥሉ ይመክራል። የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው መምጣታቸው አዘውትረው ለመጠቀም ሊረዳቸው እንደሚችልም ይገልጻል።

የየሆስፒታሉ ደንብ ግን ይለያያል። አንዱ መሣሪያዎን ያስገባና ቴክኒሻን ገመዱንና መሰኪያውን ሳያይ እንዳይሰካ ያደርጋል፤ ሌላው ጭምብልዎን ብቻ ተቀብሎ ከራሱ መሣሪያ ጋር ያገናኘዋል። አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። የታዘዘልዎትን የግፊት መጠን በወረቀት ይያዙ፤ በመሣሪያው፣ በጭምብሉና በቱቦው ላይ ስምዎን ይለጥፉ። መሣሪያዎ አምራቹ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 በውስጡ ያለው የድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ ሊበሰብስ ይችላል ብሎ እንዲመለሱ ጥሪ ካደረገባቸው ሞዴሎች አንዱ ከሆነና ካልተቀየረልዎት አሁኑኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጭምብልዎ በማግኔት የሚያያዝ ከሆነም፣ ማግኔቱ ሊያውከው ስለሚችል፣ የልብ ምት ማስተካከያ በደረትዎ ውስጥ እንዳለ ወይም እንደሌለ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

እናቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ልታደርግ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ የላከላትን ሲፓፕ ትጠቀማለች። አስታማሚዋ እኔ ነኝ፤ ነርሶቹ መሣሪያውን ላያውቁት ይችላሉ ብዬ እሰጋለሁ። ማታ ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስጋትዎ ተገቢ ነው። በብዙ ሆስፒታሎቻችን አንዲት ተረኛ ነርስ ብዙ አልጋ ይዛ ታድራለች፤ ከሕመምተኛው አጠገብ የሚያድረው አስታማሚው ነው።

መጀመሪያ ለቀዶ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ፤ በካርዷ ላይ እንዲጻፍም ይጠይቁ። ምክንያቱ ይህ ነው። ጤነኛ ሆና ቤቷ ስትተኛ ጉሮሮዋ ቢዘጋ አንጎሏ ደንግጦ ይቀሰቅሳታል። የማደንዘዣው ቅሪት፣ እንደ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ትራማዶል ያሉ ማስታገሻዎች፣ እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማረጋጊያዎችም ይህን መቀስቀሻ ያደነዝዙታል፤ የጉሮሮን ጡንቻም ያላላሉ። በጀርባ መተኛት ሲጨመርበት አደጋው ይከፋል።

ስለዚህ እንቅልፍ በመጣ ቁጥር ጭምብሉ ፊቷ ላይ ይሁን፤ የቀትር ሸለብታም እንቅልፍ ነው። ጠያቂ ዘመድ «ደክሟታል፣ ይህን ነገር አውልቁላትና ትንሽ ትረፍ» ማለቱ አይቀርም። እሺ አይበሉ። በቤታችን ከባድ ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል፤ ከቀዶ ጥገና የወጣች የትንፋሽ መቆራረጥ ያለባት ሴት ስታንኮራፋ ግን አየር እየተናነቃት ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ያድርጉ ወይም በጎኗ ያስተኟት። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ሌሊቱን ሙሉ እንዲቆይላት ይጠይቁ።

ሕመሟን ችላ እንድታድር ግን አይፍረዱባት። ፓራሲታሞልን የመሰሉ፣ ትንፋሽን የማይጫኑ ማስታገሻዎች መሠረት ሆነው ጠንካራው መድኃኒት በትንሹ እንዲሰጥ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይቻላል። ካስመለሳት ጭምብሉን ወዲያው አውልቀው በጎኗ ያዙሯት፣ ነርስም ይጥሩ፤ ማቅለሽለሹ ሳይረጋ አይመልሱት። ሲጠሯት ቶሎ ካልነቃች፣ ትንፋሿ እየቆመ የሚቀጥል ከሆነ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ጭምብል ሲያስተካክሉ ጊዜ አያጥፉ፤ ጮኸው ነርስ ይጥሩ።

የሲፓፑን አየር ለሚያረጥበው የውሃ ዕቃ ዲስቲልድ ውሃ ይዘው ይግቡ። ከሌለ የቧንቧ ውሃ አይጨምሩ፤ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ያለ ውሃም ይሠራሉ፣ ጉሮሮዋ ትንሽ ይደርቅ ይሆናል እንጂ። ተረኛዋን ነርስም ገና በቀን፣ ሰው ሳይበዛ፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚበራ ያሳዩአት። እናትዎ ቶሎ ካልወጡ በሦስተኛውና በአራተኛው ሌሊት አይዘናጉ፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ የታጣው የሕልም እንቅልፍ በብዛት የሚመለሰው በእነዚህ ሌሊቶች ነው፣ የትንፋሽ መቆራረጡም አብሮ ሊጨምር ይችላል።

በአፍንጫዬ ኦክስጅን ካደረጉልኝ ሲፓፑ ለምን ያስፈልጋል?

ኦክስጅን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። የጣት መለኪያው ጥሩ ቁጥር እያሳየ በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊከማች ይችላል፤ የሚያዘናጋው ይህ ነው። ሁለቱም ካስፈለጉ ኦክስጅኑ በትንሽ ማገናኛ ከሲፓፑ ቱቦ ጋር ይያያዛል። ይህን ባለሙያ ያድርገው።

ከዱባይ አዲስ አበባ ሄጄ ነው ቀዶ ጥገና የማደርገው። የመብራቱ ነገርና ከፍታው ያሳስበኛል።

የኤሌክትሪክ ኃይሉ ተቀራራቢ ነው፤ በዱባይ 230 ቮልት፣ በኢትዮጵያ 220። የሚለየው መሰኪያው ነው፤ ለሁለቱ ክብ ቀዳዳዎች የሚሆን ማገናኛ ይያዙ። ከአሜሪካ የሚመጡ ደግሞ በቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይዩ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሣ ክፍተት ይኖራል፤ ለመሣሪያዎ የተሠራ ባትሪ ከተገኘ ገንዘቡ አይቆጭዎ። ካልተገኘም ቤትዎ ሳሉ መሰኪያውን ነቅለው መልሰው ይሰኩና መሣሪያው በራሱ ይጀምር እንደሆነ ይሞክሩት፤ የማይጀምር ከሆነ አስታማሚዎ ይወቀው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የመሣሪያዎን መመሪያ ይመልከቱ፤ ለምሳሌ የሬስሜድ ኤርሴንስ 10 እስከ 2,591 ሜትር እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ገደቡ ከዚህ ያነሰ መሣሪያም አለ። በአውሮፕላን ሲጓዙ ውሃውን ደፍተው መሣሪያውን ከእጅ ሻንጣዎ ጋር ይያዙት፤ ከጭነት ጋር አይስጡት።

ቀዶ ጥገናው አፍንጫዬ ላይ ነው። ያኔስ?

ያኔ እኔን ሳይሆን ቀዶ ሐኪምዎን ይስሙ። አፍንጫ በጥጥ ከታሸገ የአፍንጫ ጭምብል አይሠራም፤ አፍን የሚሸፍን ሊታሰብ ይችላል። በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ሥር የሚገባ ቀዶ ጥገና ከሆነ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ብዙውን ጊዜ ለተወሰነ ጊዜ ይከለከላል። መቼ እንደሚቀጥሉና እስከዚያ ማን እንደሚከታተልዎት ሳይገቡ በፊት ይጠይቁ።

መሣሪያም የለኝም፣ ተመርምሬም አላውቅም። ባለቤቴ ግን «ሌሊት ትንፋሽህ ይቆማል» ትለኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት የሄርኒያ ቀዶ ጥገና አለኝ፤ መናገር አለብኝ?

አዎ፣ ከሁሉ በፊት። የማደንዘዣ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በቶሮንቶ የተዘጋጀ ስምንት ነጥብ ያለው መጠይቅ ይጠቀማሉ፦ ከፍ ያለ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ሌላ ሰው ያየው የትንፋሽ መቆም፣ የደም ግፊት፣ ከፍተኛ ውፍረት፣ ከ50 ዓመት በላይ መሆን፣ ከ40 ሴንቲሜትር የሚበልጥ የአንገት ዙሪያ፣ ወንድ መሆን። ሦስትና ከዚያ በላይ ከተገኘ ጥንቃቄው ይጨምራል። እርስዎ ገና በደብዳቤዎ ሁለቱን ነግረውኛል። ባለሙያው ካወቀ ለሄርኒያ በጀርባ የሚሰጠውን ማደንዘዣ ሊመርጥ፣ የሚያስተኙ መድኃኒቶችን ሊቀንስ፣ ወደ ቤት ከመላኩ በፊትም ረዘም አድርጎ ሊያቆይዎት ይችላል። ካላወቀ ግን እንደማንኛውም ሰው አክሞ ይልክዎታል። ለቅድመ ማደንዘዣ ምርመራው ባለቤትዎን ይዘው ይግቡ፤ ሌሊቱን ያዩት እሳቸው ስለሆኑ እሳቸው ይናገሩ።