ያን ሌሊት እኔም አልጸለይኩም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ድንገት ወድቀው ሆስፒታል ከገቡ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። ልጸልይ ብለሽ ስትቆሚ ቃል አይወጣሽም። «ሰላም ይሰጣል የሚሉት የእውነት ነው? ወይስ ሰው ካለፈለት በኋላ የሚያወራው ነው? እምነት የለኝም ማለት ይሆን?» ብለሻል። እኔ መምህርም ሰባኪም አይደለሁም። የደረሰብኝን ብቻ ልንገርሽ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም። ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ጿሚዋ ባለቤቴ ናት። እኔ በ40 ቀኔ ተጠምቄያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለሠርግና ለቀብር ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን አልረግጥም ነበር። እንዲያውም በፍልሰታ ሌሊት ሌሊት የሰዓታቱ ዜማ በድምፅ ማጉያ ሲመጣ «ነገ ሥራ አለብን እኮ!» እያልኩ መስኮት የምዘጋው እኔ ነኝ።

ቀን ላይ ሆዴን አመመኝ አለች። ጾም ነው፣ ጨጓራሽ ነው ተባብለን ተልባ ጠጣች። ማታ ሕመሙ ወደ ታች ወረደ። ቆይታ ደግሞ ትከሻዬን አለች። ሆድና ትከሻን ምን አገናኛቸው? ተኝተሽበት ነው አልኳት። (ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።) ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ሽንት ቤት ልትሄድ ተነሳች። ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መብራት ሳበራ ከንፈሯ ወረቀት መስሏል፤ ግንባሯ በቀዝቃዛ ላብ ርሷል።

907 ደወልኩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ አንቺም ስልክሽ ላይ ያዢው። ግን እስኪደርስ አላስቻለኝም፤ ደረጃው ላይ ወጥቼ ጮህኩ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከነረዳቱ ወጣ። ዘበኛው ከታች ሮጦ መጣ። ፊት ለፊት የሚኖረው ሙስሊም ጎረቤታችንም በሽርጥ እንደሆነ ደረሰ። ብርድ ልብስ ላይ አስተኝተን ጫፍ ጫፉን ያዝን። እኔ የያዝኩት ጫፍ ሲንቀጠቀጥ ሹፌሩ አየና «አንተ መብራት ያዝ» አለኝ። ጫፌን ዘበኛው ተቀበለኝ። እነሱ አራቱ ተሸከሟት፤ እኔ በስልኬ እያበራሁ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ወረድኩ። በየመታጠፊያው «ቀስ፣ ቀስ፣ ጭንቅላቷን» ይላሉ። ግቢው ጭቃ ነበር። አንድ እግሬ ላይ የእኔ ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ላይ የእሷ እንደነበር ያወቅኩት ነግቶ ነው።

መጀመሪያ የደረስንበት ክሊኒክ ነርሷ ግፊቷን ለካች፤ 70 በ40። «ይሄ የእኛ አይደለም፣ አሁኑኑ ውሰዷት» አለች። ሆስፒታል ስንገባ ዶክተሯ የጠየቀችኝ «የወር አበባዋ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» ብላ ነው። አላውቅም። እርጉዝ መሆኗን እሷም አታውቅም ነበር። ጽንሱ የተቀመጠው ማህፀን ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ላይ ነው፤ ቱቦው ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። የትከሻዋ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። የፈሰሰው ደም ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሲቆጠቁጠው ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ይህን የምጽፈው አንዷ እህት ብታነበውና ብትጠቀምበት ብዬ ነው። ታችኛው ሆድ አሞ፣ ትከሻ አሞ፣ ራስ ከዞረ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትተኙ።

«ይፈርሙ» ተባልኩ፣ ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ አላነበብኩም። ከደም ባንክ ለወሰድነው ምትክ የሚሰጥ ሰው አምጡ ተባለ። ሹፌሩና ሙስሊሙ ጎረቤታችን እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እሷ ወደ ኦፕራሲዮን ገባች፣ በሩ ተዘጋ።

እንግዲህ የጠየቅሽው ሰዓት ይሄ ነው። መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተቀመጥኩ። ልጸልይ ፈለግኩ። «አባታችን ሆይ» ብዬ «በሰማያት የምትኖር» ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ከልጅነቴ የማውቀው ጸሎት! እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋ። ቀጥሎ የመጣብኝ እፍረት ነው። ስንት ዓመት ዘግተኸው ዛሬ ሲጨንቅህ ታንኳኳለህ? የሚል ነገር። አንቺም «እምነት የለኝም ማለት ይሆን?» ስትዪ ይህ ስሜት መሰለኝ።

አጠገቤ ባላቸውን የሚያስታምሙ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። «ማን ነው ውስጥ ያለው ልጄ?» አሉኝ። ባለቤቴ ናት አልኳቸው። «የክርስትና ስሟስ?» ሲሉኝ ወለተ ማርያም ይሁን ወለተ ሚካኤል ጠፋኝ። ለአማቴ ለመደወል ተገደድኩ። እንዳላስደነግጣቸው ብዬ እስከዚያ ሰዓት አልነገርኳቸውም ነበር። ስልኩን እንዳነሱ አለቀስኩ። ወለተ ሚካኤል ናት።

«እማማ፣ መጸለይ አቃተኝ» አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እንግዲያው አንተ ተወው። እኔ እላለሁ፣ አንተ አሜን በል።» ብቻ። አልገሠጹኝም፣ ምክርም አልጨመሩም። ኪርያላይሶን እያሉ በጣታቸው አንጓ 41 ይቆጥራሉ፣ በየመሃሉ ስሟን ይጠራሉ። የባላቸውንም፣ ከባላቸው አልጋ አጠገብ የተኛውን ልጅም። እኔ አሜን እላለሁ። መስኮቱ ክፍት ነበርና ከሩቅ ከሆነ ደብር ሰዓታቱ ይሰማል። ያው ቤቴ ስሆን መስኮት የምዘጋበት ድምፅ ነው። እዚያ ሌሊት ግን ሰው ነቅቶ አብሮኝ ያለ መሰለኝ።

ሰላሙ እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። መጀመሪያ ያስተዋልኩት እጄ መንቀጥቀጡን ማቆሙን ነው። ቀጥሎ እንደበረደኝ ታወቀኝ፤ ለካ እስከዚያ ብርድም አልተሰማኝም ነበር። ፍርሃቱ አልሄደም። ልትሞት እንደምትችል አውቃለሁ። ግን ከሥሬ የያዘኝ ነገር ነበር። በሩ እንደተዘጋ ነው፣ ዶክተሯ ገና አልወጣችም። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፦ አዎ፣ ይመጣል፤ ካለፈለት በኋላ የሚወራ ብቻ አይደለም።

በኋላ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ አራት ሰዎች ተሸክመው ያመጡትን ሽባ ሳነብ አንዲት ቃል አስቆመችኝ። «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል። «እምነቱን» አይልም። እምነታቸውን! ሽባው አምኖ ይሁን አይሁን አልተጻፈም። ጣራ ነድለው ያወረዱት እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ ብርድ ልብሱ ትዝ አለኝ፤ ጫፌን ዘበኛው የተቀበለኝ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሙስሊም መሆኑን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው ትንሽ ቅር አለው። እኔን ምንም ቅር አላለኝም።

ባለቤቴ ዳነች። ጽንሱ ሄደ፤ አንዱ ቱቦዋም ወጣ። ለወራት አዘነች፣ እኔም አዘንኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺ ተርፈሻል» የሚሏት ሰዎች ደግ አስበው ነው፤ እሷ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር። ሰላም አገኘሁ ስልሽ ይህንንም ጨምሬ ነው። እኚያ እናትስ? ባላቸው በማግስቱ ከቀትር በኋላ አረፉ። ዞረው ሲያዩኝ ቀድመው የጠየቁኝ «ወለተ ሚካኤል ነቃች?» ብለው ነው። ያቺን ጥያቄ ዛሬም ሳስባት ጉሮሮዬን ታንቀኛለች።

«ለምን መጀመሪያ ጠበል አልወሰዳችኋትም?» ያሉን ዘመዶችም ነበሩ። ጠበሉን አልንቅም፣ ከዳነች በኋላ አብረን ሄደናል። ግን እንደዚያ ዓይነት ደም ሰዓት አይሰጥም። የእኛው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ያቺ ዶክተር የእግዚአብሔር እጅ አልነበረችም የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ስለዚህ እህቴ፣ ዛሬ ካቃተሽ አትታገዪ። «አቤቱ» ብቻ ብለሽ ተቀመጪ። እሷም ካልወጣች ሌላ ሰው ይበልልሽ፣ አሜን በዪ። ሦስት ቀን ሙሉ ብቻሽን አትደሪ፤ ከዘመድ ጋር ተፈራረቁ። ምግብ ብዪ፤ በባዶ ሆድ ሁሉም ነገር ይጨልማል። ደም ከተፈለገም እዚሁ ጻፊ፣ አትፈሪ። እኔ ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ እሰጣለሁ፤ የአሁኑ ሦስት ወሬ ባለፈው ሳምንት ሞልቷል።

እና የእናትሽን የክርስትና ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከጠፋብሽም ችግር የለም፣ አክስትሽን ጠይቂ። ባለቤቴ ማታ ዳዊት ስትደግም ስማቸውን ትጠራለች፤ እኔ አሜን እላለሁ።