መልስ፦ የቆዳ ናሙናው ነጻ ቢወጣም ይመርመር

እህቴ፣ ዘጌ ያለው ወንድምሽ ክንዱ ላይ የወጣው ነጣ ያለ ምልክት ሥጋ ደዌ ይሆን ወይ፣ የቆዳ ናሙናው ነጻ ስለወጣስ በቃ ወይ ብለሻል። አይበቃም። ናሙናው ከጆሮ ጫፍና ከምልክቱ በምላጭ ተጭሮ፣ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ባክቴሪያው ከተገኘ በሽታው አለ፤ ጥቂት ምልክት ባለበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ካልቸር የሚባለውንም አትጠብቂ፣ ይህ ባክቴሪያ ላብራቶሪ ውስጥ አይበቅልም።

ዋናው መሣሪያ ጥጥ ነው። ባለሙያው ወንድምሽን ዓይኑን አስጨፍኖ በሾለ ጥጥ ይነካዋል፤ እሱ የተነካበትን በጣቱ ያሳያል። ጤነኛው ቆዳ ላይ እየጠቆመ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ዝም ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ቋቁቻ አያደነዝዝም! ክርኑ ጋ ያለው ነርቭ ወፍሮ እንደሆነም ይዳሰስ። ጀበና ሲያነሳ እጁ ተቃጥሎ ሳይታወቀው ቀርቶ ከሆነ ንገሯቸው።

ጠበሉን ይቀጥል፣ ማን ከለከለው፤ ግን ባሕር ዳር ተሻግሮ የቆዳ ሐኪም ይየው። መድኃኒቱ በነጻ ነው፦ ምልክቱ ከ5 ካልበለጠና ናሙናው ነጻ ከሆነ 6 ወር፣ ከበዛ ወይም ባክቴሪያው ከተገኘ 12 ወር። አብራችሁት የምትኖሩትም ታዩ።