ሰፊ ካርታ፣ ጠባብ ቤት፦ የግንባታ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ቦታዬ 10 በ20 ሜትር ነው። የፕላን ስምምነቱ (በቦታው ምን መገንባት እንደሚቻል የሚገልጸው ሰነድ) የግንባታ ሽፋን 60 በመቶ፣ የወለል ስፋት ምጣኔ 2 ይላል። ስንት ወለል ይወጣልኛል?

መልስ፦ በሽፋኑ መሠረት መሬት የሚነካው የሕንፃ ክፍል ከ120 ካሬ አይበልጥም። ምጣኔው ደግሞ የወለሎቹን ድምር ከ400 ካሬ እንዳያልፍ ይወስናል። ብዙ ሰው 400ን ለ120 አካፍሎ «ጂ ፕላስ ሁለት ሠርቼ 40 ካሬ ይተርፈኛል» ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ የተረሳው ከወሰን የሚለቀቀው ክፍት ቦታ ነው። ስምምነቱ ከፊት 3፣ ከኋላ 2፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር ይለቀቅ ካለ፣ ከ10 ሜትሩ 6፣ ከ20ው 15 ይቀርዎታል። ይኸው 90 ካሬ ነው፤ 120ው ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው። በ90 ካሬ ጂ ፕላስ ሦስት ቢሠሩ 360 ይሞላሉ። ቀሪው 40 ካሬ ከላይ በከፊል ወለል የሚወጣው የከፍታ ገደቡ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ከመሬት በታች ያለ ምድር ቤትና በረንዳ ከምጣኔው ይቆጠሩ እንደሆነ ከከተማ ከተማ ይለያያል። አርክቴክቱ መሳል ሳይጀምር በጽሑፍ አስጠይቀው መልሱን ይያዙ። ክፍት ቦታውንም እንደ ባከነ መሬት አይዩት፤ ለጎን መስኮት ብርሃን የሚሰጠው፣ እሳት ወደ ጎረቤት እንዳይዘል የሚያግዘው እሱ ነው። ከርክክብ በኋላ እዚያ ላይ ቆርቆሮ ዘርግቶ ኩሽና ማድረግ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከሚያስከለክሉ ስህተቶች አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ የመኖሪያ ቤት አንደኛ ፎቅ ተከራይቼ የሴራሚክ መደብር ልከፍት ነው። ባለቤቱ «ውሉን ፈርም፣ ፈቃዱ ይደርሳል» ይለኛል።

መልስ፦ አሁን አይፈርሙ። መጀመሪያ ቦታው በከተማው ፕላን ንግድ ወይም ቅይጥ አገልግሎት የተፈቀደበት መሆኑን ያጣሩ፤ ከዚያ ባለቤቱ የአገልግሎት ለውጥ (ከመኖሪያ ወደ ንግድ) ይጠይቅ። ውሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ። መቸኮል ግድ ከሆነም «ለውጡ ካልተፈቀደ ቀብድ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ።

ከወረቀቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ክብደቱ ነው። የመኖሪያ ወለል በአብዛኛው የሚሰላው ለሰውና ለዕቃ በካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ታስቦ ነው፤ ለሱቅ ከ400 እስከ 500 ይታሰባል። ግማሽ ሜትር ከፍታ የተከመረ ሴራሚክ በካሬ ወደ 1 ቶን ይደርሳል። የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያረጋግጥ ፎቅ ላይ ናሙና ብቻ ያሳዩ፤ ክምችቱ በቀጥታ መሬት ላይ ባረፈ ወለል ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ተቋራጩ ተቆጣጣሪ ሳይጠራ ሶሌታውን (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) ሞላው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀጣዩን ኮለን (ምሰሶ) አያስቁሙ። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ የፌሮው ውፍረትና አቀማመጥ በዓይን አይታይም፤ ቁጥጥሩ ከሙሌት በፊት የሚደረገውም ለዚህ ነው። ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በራስዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ደብቆ መቀጠል ነገሩን ያከብደዋል። ከሙሌቱ በፊት ፌሮው ላይ ሜትር ተዘርግቶ የተነሣ ፎቶ ካለ ያያይዙ። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ኪዩብ ናሙና ተወስዶ ከሆነ የ7 እና የ28 ቀን የጥንካሬ ውጤቱን ያቅርቡ። ናሙና ከሌለ ፌሮው በመሣሪያ ይፈለጋል፤ ከዚያም መሐንዲሱ በመረጠው ቦታ ተቦርቡሮ ኮንክሪቱ ይፈተሻል። ፌሮው የት እንዳለ ሳይታወቅ መቦርቦር ራሱ ጉዳት ነው። እስከዚያው ኮንክሪቱን ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ አይለየው።

ጥያቄ፦ የሱቄ ወለል ከእግረኛ መንገዱ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የዊልቸር መወጣጫው ስንት ይርዘም?

መልስ፦ በተለመደው 1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) 7.2 ሜትር፤ ከላይና ከታች እያንዳንዱ 1.5 ሜትር የሆነ ሜዳ ሲጨመር 10.2 ይሆናል። ቦታ ካነሰ ለሁለት ከፍለው፣ መሐል ላይ ዊልቸር የሚዞርበት ሜዳ ትተው ያጥፉት። ወደ እግረኛ መንገዱ ግን አያውጡት። ሕንፃው ገና በንድፍ ላይ ከሆነ ወለሉን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ያስወርዱት፤ መወጣጫው 1.8 ሜትር ይበቃዋል። የዝናብ ውሃ እንዳይገባ በሩ ፊት ፍርግርግ ያለው ቦይ ያሠሩ።