የተቀባ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ቀለሙ እንዴት ይለቀቃል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ ከአያቴ የወረስኩት ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ አለኝ። በየጊዜው እየተቀባ ሦስት አራት ድርብ ቀለም ተሸክሟል፤ የተላጠው ቦታ ላይ ግን ጠቆር ያለ ደስ የሚል እንጨት ይታያል። በብርጭቆ ወረቀት ልጨርሰው ብዬ ብጀምርም ወረቀቱ ወዲያው በቀለም እየተደፈነ አስቸገረኝ፤ ይባስ ብሎ በላይኛው ገጽ ጠርዝ ላይ ነጣ ያለና ክሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄድ እንጨት ብቅ አለ። የመፋቂያ ማሽን ልግዛ ወይስ ኬሚካል ይሻለኛል? ሐሳቤ በመጨረሻ ቫርኒሽ መቀባት ነው።

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ መፋቁን ያቁሙ፤ ማሽኑንም አይግዙ። በጠርዙ ላይ የታየዎት ነገር ኮመዲኖው ወጥ ጣውላ አለመሆኑን፣ ይልቁንም በተራ እንጨት ላይ ቬኒር የሚባል ስስ የጌጥ ልባጥ በኮላ የተለጠፈበት መሆኑን ሳይጠቁም አይቀርም። ይህ ልባጥ በአሮጌ ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። ማሽን በጥቂት ሰከንድ ይበሳዋል፤ ከተበሳ በኋላ ጉዳቱን የሚሸፍን ቫርኒሽ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የእርስዎ ጤና ነው። ብዙዎቹ የድሮ የዘይት ቀለሞች እርሳስ ወይም ሊድ የተባለው ብረት አለባቸው። አሜሪካ እንኳ ለመኖሪያ ቤት በሚውል ቀለም ላይ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ፣ ዕድሜው በማይታወቅ ቀለም ላይ ሊድ አለ ብሎ መነሣት ይሻላል። በደረቁ ሲፋቅ የሚቦነው ብናኝ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ ነው። መመርመሪያ ካገኙ የላይኛውን ቀለም ብቻ ነክተው አይተዉት፤ በስለታም ቢላ አጋድመው እስከ እንጨቱ ድረስ ቢቆርጡት ድርቦቹ ሁሉ ጎን ለጎን ተደርድረው ስለሚታዩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመርመር ይችላሉ። ሊድ ከተገኘ ቀለሙ እንደረጠበ ብቻ ይነሣ።

ስለዚህ ለእርስዎ የሚስማማው ኬሚካል ነው፤ ማንኛውም ኬሚካል ግን አይደለም። ሚቲሊን ክሎራይድ ያለባቸው ማስለቀቂያዎች ፈጣን ናቸው፤ ነገር ግን ትነታቸው ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ቦታ ይጠራቀማል፣ ሰውነት ውስጥም ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ሲሠሩበት የሞቱ ሰዎች አሉ። ኮስቲክ ሶዳ በበኩሉ እንደ ኦክ ያሉ ታኒን (በእንጨት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ንጥረ ነገር) የበዛባቸውን እንጨቶች ያጠቁራል፤ ውሃውም ኮላውን ፈትቶ ቬኒሩን ያነሣዋል። እኔ የምመርጥልዎት ቤንዚል አልኮል ያለበትን ወፍራም ጄል ነው። ዘገምተኛ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ዘገምተኛነቱ ጉዳት የለውም። ሲገዙ በውሃ ሳይሆን በአኳራጅ የሚጸዳውን ዓይነት ይጠይቁ።

መሳቢያዎቹን አውጥተው እጀታዎቹን ይፍቱ፤ አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዓይነት ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው ይሥሩ። ጄሉን በብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ በወፍራሙ ያሳርፉት እንጂ እንደ ቀለም ወዲያ ወዲህ አያመላልሱት፤ ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ትነቱን አፍኖ የሚይዝ ስለሆነ ሲነካካ ኃይሉ ይደክማል። ከዚያ በላስቲክ ሸፍነው ይተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ተሸብሽቦ ሲያይ ደርሷል ብሎ ይፍቃል፣ ሥር ያለው ድርብ ግን ገና አልተነካም። በአንድ ጥግ ላይ ስፓቱላ አስገብተው ይሞክሩ፦ ያለ ጉልበት እስከ እንጨቱ ከገባ ጊዜው ነው፣ ከታገለዎት ላስቲኩን ይመልሱበት። የስፓቱላውን ሁለት ጥግ በሞረድ ማድቦልቦልም አይርሱ፤ ለስልሶ የረጠበ ቬኒር በሹል ጥግ ወዲያው ይጫራል። ሁልጊዜ የእንጨቱን ክር ተከትለው ይግፉ። ለቅርጻ ቅርጹ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለእግሮቹ ጎድጓዳ ቦታ ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚሳብ ሲባጎ ይበቃል። የብረት ሱፍ አይጠቀሙ፤ ታኒን ባለው እንጨት ላይ የሚቀረው የብረት ቅንጣት እርጥበት ሲያገኝ ጥቁር ነጥብ ይሆናል።

ድርቡ ብዙ ስለሆነ ሁለተኛ ዙር መቀባት ያስፈልግዎት ይሆናል። ከዚያ ቅሪቱን በአኳራጅ በተነከረ ጨርቅ ደጋግመው ይጥረጉ፤ የማስለቀቂያው ቅሪት ካልተጠረገ ቫርኒሹ አይደርቅም ወይም ይላጣል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ካደረ በኋላ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእጅ ብቻ ቀለል አድርገው ያልስልሱት፤ ሊድ ከነበረበት ወረቀቱም እንጨቱም በመጠኑ እርጥብ ይሁኑ። ነጭ ሆኖ የወጣውን ጠርዝ ዙሪያውን ፍቀው ለማመሳሰል አይሞክሩ፤ ቀዳዳውን ከማስፋት በቀር ፋይዳ የለውም። ከቫርኒሹ በፊት ተመሳሳይ የእንጨት ማቅለሚያ በቀጭን ብሩሽ ይንኩት።

ጥያቄ፦ ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ ቀለሙን አሙቆ ማንሣት አይቀልም ወይ?

መልስ፦ ወጥ ጣውላ ለሆነና ሊድ ለሌለበት ዕቃ ይቀላል። ሙቀት ግን የቬኒርን ኮላ ያላላል፤ ሊድ ያለበት ቀለምም በጣም ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል።

ጥያቄ፦ ቀለም ያልተቀባ፣ ነገር ግን ሉስትሮው የጠቆረ ወንበር አለኝ። እሱም መላጥ አለበት?

መልስ፦ አስቀድመው በአኳራጅ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጥቁረቱ የእጅ ወዝና የአቧራ ክምችት ብቻ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት አልኮል ጠብ ያድርጉ። ሉስትሮው ከለሰለሰና ከሟሟ ሼላክ የሚባለው ከተፈጥሮ ሙጫ የሚሠራ ቅብ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ተመልሶ ሊስተካከልና በላዩ አዲስ ሊደረብበት ስለሚችል መላጥ አያሻውም።