ትርፍ አጥንት እንዳያታልላችሁ

እናንተ ኦርቶፔዲክስ የጀመራችሁ ልጆች፣ ዛሬ ስለ ኦስቲዮፋይት ላውራችሁ። ባረጀ መገጣጠሚያ ጠርዝ ላይ ስለሚበቅለው ትርፍ አጥንት ማለቴ ነው። ኤክስሬይ ላይ ትንሽ ምንቃር ይመስላል፤ ዳሌ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ለመቀየር ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገቡ ግን የጭኑ ራስ የሚገባበትን የዳሌውን ጉድጓድ መልክ ቀይሮት ታገኙታላችሁ።

በጣም የሚያሳስተው የጉድጓዱ ወለል ላይ የበቀለው ነው። እውነተኛውን ወለል እንደ መጋረጃ ይጋርደዋል። በሪመር፣ ጉድጓዱን በሚፍቀው መሣሪያ፣ ትንሽ ፍቃችሁ ጠንካራ አጥንት ስታገኙ "ደረስን" ትላላችሁ፣ ገና ናችሁ። እዚያ ላይ ካፑን፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባውን የብረት ጽዋ፣ ከመታችሁት ወደ ውጭ ወጥቶ ይቀራል፣ የሚሸፍነው አጥንትም ያጥረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከጉድጓዱ ግርጌ የተዘረጋውን ጅማት ፈልጉ። እሱም አንዳንዴ በትርፍ አጥንት ተውጦ ነው የሚገኘው፤ በመሮ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። እሱ ከታየ የእውነተኛው ጉድጓድ አቅጣጫ ይገባችኋል።

በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ካፑ እንዳይወልቅ በምን ማዕዘን እንደሚቀመጥ የሚናገረውን የሉዊኔክን ቁጥር ሁላችሁም ሸምድዳችኋል፦ ዘንበል ማለቱ 40 ዲግሪ፣ ወደ ፊት መዞሩ 15፣ ሁለቱም 10 ሲደመር ወይም ሲቀነስ። ጎበዞች። ግን የበቀለውን ጠርዝ እውነተኛው ጠርዝ ነው ብላችሁ ካፑን በእሱ ካስተካከላችሁት ቁጥሩ ምን ይረዳችኋል?

ወጣት ሳለሁ ለአንዲት እናት ካፑን በደንብ አስቀመጥኩና የፊት ጠርዙን ትርፍ አጥንት ሰዓት ሄደ ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቤታቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ወደ መሬት ጎንበስ ሲሉ ዳሌያቸው ወለቀ። የጭናቸው አንገት እኔ ከተውኩት አጥንት ጋር ተጋጭቶ ካፑ ውስጥ ያለውን ኳስ እንደ ማንሻ ወደ ኋላ ፈንቅሎ አወጣው። ሌሊት ነው ያመጧቸው፣ እግራቸው አጥሮ፣ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ የልጃቸውን እጅ ጨምድደው ይዘው። ፊታቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

እባካችሁ፣ ካፑ ከገባ በኋላ ጣታችሁን በጠርዙ ዙሪያ አዙሩ። ከብረቱ አልፎ የወጣ አጥንት ካለ አንሱት። ከብረቱ በታች ግን አትውረዱ፣ በፊት በኩል የተጋለጠ ካፕ በዚያ የሚያልፈውን የጡንቻ ጅማት ይፈትጋል፤ ትልልቆቹ የደም ስሮችም እዚያው ፊት ለፊት ስላሉ መሮው እንዳያመልጣችሁ። ከዚያ እግሩን አጥፋችሁ ወደ ውስጥ አዙሩት፣ ዘርግታችሁ ደግሞ ወደ ውጭ። አጥንት ከአጥንት ሲነካካ ከተሰማችሁ፣ የቱንም ያህል ቢደክማችሁ፣ ቁስሉን አትዝጉ።