ከወሰኑ ውጪ ያለው ነጭ ወረቀት

ባለፈው ወር ባሕር ዳር ላይ ለጀማሪ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ስልጠና ስሰጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ከከተማው ወሰን ውጪ ያለው ቦታ ካርታው ላይ ለምን ነጭ ሆነ? እዚያ ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። መልስ ሰጠኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

መጋቢት 1996 ነው። ጣና ዙሪያ ካሉት ከተሞች የአንዷን ፕላን ከሠሩት መካከል ነበርኩ። አሮጌው ገበያ ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው መንገድ ከተማዋን የሚነካበት አፍ ላይ ነው። ጠባብ ነው፣ ይጨናነቃል፣ የክረምቱ ጭቃ አይጣል። እኛ በወዲያኛው ጫፍ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሰፊ ሜዳ አገኘን። ከአሮጌው ቢርቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ለመኪና ምን አላት?

ገበያው በተዛወረ በመጀመሪያው ቅዳሜ ለማየት ሄድኩ። አሮጌው ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። አጥሩ ሥር አንዲት እናት ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ከጀርባቸው ሳያወርዱ ቁጭ ብለዋል። ገመዱ ነጠላቸውን ሰርስሮ ትከሻቸው ውስጥ ገብቷል። ከጉማራ ወንዝ ማዶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የተነሱት። ሁለት ደላሎች ላያቸው ላይ ቆመው «እዚያ ድረስ ተሸክመሽ ከምትደክሚ እዚሁ ስጪን» ይላሉ። የሰጧቸው ዋጋ ከገበያው ግማሽ አይሞላም። ሸጡ። ብሩን መቀነታቸው ውስጥ እየቋጠሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ገበያችንን ማን ነው የወሰደብን?»

«ማዘጋጃ ቤት ነው እናቴ» አልኳቸው።

ገበያውን ካርታው ላይ ያስቀመጠው እጅ የእኔ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። ይኸው 22 ዓመት ሆነው።

በዓመቱ ብዙው ገበሬ ፊቱን ወደ ሌላ ከተማ አዞረ። ያኔ ሱቆቹ ቀዘቀዙ። ሳሙናውን፣ ጨውን፣ የልጁን ደብተር የሚገዛው ሽንኩርቱን በሸጠበት ብር ነበራ። በዚያ ዘመን ፖሊሲው ግብርና መር ነው። ገጠሩ የግብርና ቢሮ፣ ከተማው የእኛ። በጀቱም ስብሰባውም ለየብቻ። እኚያ እናት ግን በአንድ ጠዋት ከሁለቱም ደጅ ደርሰዋል፣ ከሁለቱም የጠበቃቸው የለም።

የፎገራዋን ከተማ ወረታን እዩ። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው። ሜዳው ሩዝ ሲያበቅል ከተማዋ መፈልፈያ አበቀለች። ከመፈልፈያው ጋር መጋዘን፣ ጫኝና አውራጅ፣ መካኒክ፣ ምግብ ቤት መጣ። ወደ ወልድያ የሚወስደው «ቻይና መንገድ» የሚነሳውም ከዚያው ነው። ዛሬ አካባቢው እንጀራውን ሳይቀር ከሩዝ ቀላቅሎ ይጋግራል። ድሮ ሜዳው የሚታወቀው በፎገራ ላም ነበር። እናቴ ወተቷን አውርታ አትጠግብም። ግጦሹ ማሳ ሲሆን ላሟም ተመናመነች። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች ከሳተላይት ምስል ላይ ጣሪያ ትቆጥራላችሁ። ፍጥነታችሁ ያስቀናል። ግን በገበያ ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከከተማው መግቢያ ቆሞ ማን ምን ተሸክሞ እንደሚገባ ያየ ስንቱ ነው? ላፕቶፑን ዝጉና ሂዱ። እኔ ከተማዋን በእግሬ አዳርሼ ነበር፤ ወሰኑ ጋ ስደርስ ነው የተመለስኩት።

ከተማውንና ዙሪያውን አብራችሁ አቅዱ እላለሁ። አዲስ አበባ እንኳ ከዙሪያዋ ያሉት የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ባይኖሩላት ምን ትጠጣ ነበር? ግን ደግሞ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ያጣመረው ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ አስነሳ፣ ደም ፈሰሰ፣ በ2008 ተተወ። ገበሬው ካርታ ወደ እሱ ሲመጣ መሬቱ ሊሄድ መሆኑን ያውቃል። አንዳንዴ እንደ እኔው ነጭ አድርጎ መተዉ ሳይሻለው አይቀርም እላለሁ። ሁለቱን ሐሳብ ማስታረቅ እስካሁን አልቻልኩም።

ለዚያች ልጅ የመለስኩላት «ሥልጣናችን ወሰኑ ላይ ያበቃል» ብዬ ነው። ሕጉ ይኸው ነው። የሽንኩርቷን እናት ግን አላነሳሁላትም። ስልኳን ከስልጠናው መዝገብ ላይ አግኝቻለሁ፤ ሰኞ እደውልላታለሁ።